እትዬ በላይነሽ ይሮጣሉ፣ እኔ እንሸራተታለሁ

በእኛ ሀገር ሩጫ መጀመር የግል ጉዳይ አይደለም። ዋና ብትጀምሩ ሰው «ጎሽ» ብሎ ያልፋችኋል። ቼዝ ብትጀምሩ «ምነው ሥራ ፈታህ?» ይላችኋል። ሩጫ ጀመርኩ ያላችሁ ዕለት ግን ያገሩ ሰው ሁሉ አሰልጣኝ ሆኖ ይነሳባችኋል። እኔ መጀመሬን እንኳ ሳይሆን ለመጀመር ማሰቤን በተናገርኩ ማግስት፣ ካወቅኩት ጀምሮ ከወንበሩ ሲነሳ አይቼው የማላውቀው የሰፈራችን ባለሱቅ ከላይ እስከ ታች ገረመመኝና «አንተ አምስት ሺህ ይሻልሃል፤ ለአስር ሺህ ዳሌህ ከባድ ነው» አለኝ። የሄድኩት ሳሙና ልገዛ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሐኪም ቤት ነው። ሐኪሟ ክንዴን አስራ ነፋች፣ አስተነፈሰች፣ ቁጥሩን አየች፣ ደግማ ነፋች። ሐኪም ደግሞ ሲነፋ ደስ አይልም።

«ግፊትህ ከፍ ብሏል» አለችኝ። «መድኃኒት ከማስጀመሬ በፊት ሦስት ወር ልይህ። ስፖርት ትወዳለህ?»

«በጣም!»

«የቱን ነው የምትሠራው?»

«መሥራት እንኳ... ማለቴ፣ አያለሁ።»

አልሳቀችም። ወረቀት ላይ «እንቅስቃሴ» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ባለቤቴ ሰናይት ወረቀቱን ወስዳ ፍሪጁ በር ላይ ለጠፈችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅቤ ፍለጋ ፍሪጅ በከፈትኩ ቁጥር የተያዝኩ ሌባ እመስላለሁ።

በማግስቱ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እትዬ በላይነሽ ነበሩ። እትዬ በላይነሽ እዚህ ቡልጋሪያ አካባቢ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በየማለዳው መስቀል አደባባይ እየሄዱ ደረጃውን ይሮጣሉ። ደረጃ ስል ቤት ውስጥ እንዳለው አይደለም። ግማሽ ክብ ሠርቶ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ነው፤ ሯጮች ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ይሄዱና አንድ ደረጃ ወጥተው ይመለሳሉ፣ ደግሞ አንድ ደረጃ ወጥተው ይሄዳሉ። እትዬ በላይነሽ በቀን አስራ ሁለት ደረጃ ይሮጣሉ። እኔ አስራ ሁለቱን ቆሜ ለመቁጠር ይደክመኛል።

«ልጄ፣ ደም ግፊትህን ሰማሁ» አሉኝ፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው ፊታቸው በርቶ። «እኔም ችግር ገጥሞኛል። ዘነበች ሄደችብኝ።»

ወይዘሮ ዘነበች የሩጫ ጓደኛቸው ነበሩ። ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ለልማት ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ ከዚያ ተነስቶ በማለዳ መስቀል አደባባይ መድረስ የማይሆን ነገር ነው። የእትዬ በላይነሽ ልጅ ጌታሁን ደግሞ ይህን ሲሰማ «ብቻሽን በጨለማ አትወጪም፤ መንገዱ ሁሉ ውሻ ነው» ብሎ ቆረጠ። ጌታሁን የሚሠራው ኢንሹራንስ ውስጥ ነው። ለእሱ ዓለም ማለት ገና ያልደረሰ አደጋ ናት።

«ሰው ካላገኘሁ ቁጭ በይ ብሎኛል» አሉኝ እትዬ በላይነሽ። «ቁጭ ካልኩ ደግሞ አልነሳም። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ምን ትሉ ነበር? እኔም እሺ አልኩ። ሰናይት በዚያው ቀን አዲስ ቱታና የሩጫ ጫማ ገዝታልኝ መጣች።

በነጋታው አስራ አንድ ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ነበርን። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ አማተቡ፣ ተነሱ። እንዴት እንደሚሮጡ ልንገራችሁ። ክንዳቸው ከጎናቸው አይርቅም፣ ጭንቅላታቸው አይነቀነቅም፣ እግራቸው መሬቱን ነካ ብቻ ያደርገዋል፤ ያኔ ቢሮ ውስጥ የታይፕ ቁልፉን የሚነኩትም እንዲህ ነበር ይባላል። ወጣቶቹ በጎናቸው ሲያልፉ «እማማ በርቱ» አይሏቸውም። በርትተዋላ! መንገድ ነው የሚለቁላቸው።

እኔ የመጀመሪያውን ደረጃ በክብር ጨረስኩ። ሁለተኛው ላይ ክብሬን ጥዬ ነፍሴን ያዝኩ። ሦስተኛው ላይ ነፍሴም ጓዟን መሸከፍ ጀመረች። አንዲት ልጅ በአጠገቤ ሽው ብላ ስታልፍ «አይዞዎት አባባ» አለችኝ። አባባ! ከዘራ ይዘው የሚንሸራሸሩ አንድ ሽማግሌ ቀድመውኝ አለፉ፤ ያውም ስልክ እያወሩ። እትዬ በላይነሽ ተመልሰው መጡና ፊት ለፊቴ ቆመው እዚያው በቦታቸው እየረገጡ «አፍህን ዝጋና በአፍንጫህ ሳብ» አሉኝ።

«አፌን ከዘጋሁት ምን ይቀረኛል እትዬ?»

የዚያን ቀን እየተመላለሱ እኔን ሲጠብቁ አራት ደረጃ ብቻ ሮጡ። በሁለተኛውም ቀን አራት። በሦስተኛው ቀን ሦስት ተኩል፤ ግማሿ እኔን ደግፈው ያወረዱባት ናት። አንድም ቀን ቅር አላላቸውም። «ነገም ቀን ነው» ነው የሚሉኝ። እኔ ግን ነገ የሚባለውን ነገር እየፈራሁት መጣሁ።

በዚህ መሃል ነው ስልኬን ያማከርኩት። ካዛንቺስ ባለው ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን በአንድ እጄ እያሸሁ በሌላው ስልኬን ስነካካ፣ አንድ ፈረንጅ ከተራራ ጫፍ ሳንቃ ላይ ቆሞ ሲወርድ አየሁ። ዙሪያው ሁሉ በረዶ ነው። ሰውየው አይሮጥም፣ አያለከልክም። ቆሟል፤ በቃ! የቀረውን ተራራው ይሠራለታል። ስፖርት ከተፈጠረ ጀምሮ እኔን አስቦ የተሠራ ይህ ብቻ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

ደግሞ እስቲ አስቡት። በሯጮች ሀገር ሯጭ መሆን ማለት ዕድሜ ልክ የሰው ጀርባ ማየት ማለት ነው። በረዶ በማይታወቅበት ሀገር በበረዶ ቢንሸራተቱ ግን ማን ይቀድማል? ከእኔ በፊት የጀመረ የለ፣ ከእኔ ጋር የሚጀምር የለ። ባለሱቁስ ምን ብሎ ሊመክረኝ ነው? በረዶው ከየት ይመጣል እንዳትሉኝ። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ የአዲስ አበባ ነሐሴ ደግሞ ቆርቆሮ የሚበሳ በረዶ ሲያወርድ ማንንም አያስፈቅድም።

ሰው ለጥፋት ሲነሳ መንገዱ ሁሉ ይጠረግለታል። በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት ከቢሮ ስወጣ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ጥሪ ሰማሁ። አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብላ የፕላስቲክ ሳፋና ጆግ የምትሰጥ ሴት ናት። ከሳፋዎቹ ጋር አስራ የተሸከመችው ነገር ግን ሳፋ አልነበረም። ረጅም፣ ሁለቱም ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ፣ መሃሉ ላይ የእግር ማሰሪያ ያለው ሳንቃ ነው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ወደ ሀገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ግቢ። የልብስ መተኮሻ ነው፤ እግሩ ጠፍቶ ነው እንጂ ደህና ነው።»

አዲሱ ጫማዬና ቱታዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ለምን ቢሮ ይዣቸው እመጣ ነበር ብትሉኝ፣ ባልደረቦቼ እንዲያዩልኝ ነው። ልዋጭ ያለ ክርክር አይሆንም፣ ሴትዮዋ ግን ጫማውን ስታገላብጠው መከራከሩን ተወችው። «ኧረ ይሄ አልተነካም!» አለች ተገርማ። እውነቷን ነው።

ወደ ቡልጋሪያ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሳንቃውን በሰዎች ጭን ላይ አጋድሜ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ «ወንድም፣ ምንድን ነው እሱ?» አለ።

«የበረዶ መንሸራተቻ።»

«የት ልትንሸራተት ነው?»

«ሰፈር።»

«እኛም ሰፈር ክረምት በመጣ ቁጥር እንንሸራተታለን» አለ ሾፌሩ፣ «በባዶ ጫማ ነው እንጂ።» ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ከአጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ብቻ አልሳቁም። ሳንቃውን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እግዜር ያጥናህ ልጄ» አሉኝ። የሬሳ ሣጥን ክዳን መስሏቸው ነው። ማስረዳቱ ከሞት በላይ ስለሚያደክም «አሜን» ብዬ ዝም አልኩ።

ሰናይት በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ሳንቃውን አየች፣ ቀጥላ ባዶውን ቦርሳ አየች፣ ከዚያ እኔን ማየት ተወች። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ያ ሰውዬ ምሳ ቀርቧል በሉት» ማለት ጀመረች። በቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።

እትዬ በላይነሽን መንገር ግን ከሁሉም ከበደኝ። ሳንቃውን ይዤ ሄጄ አዲስ ስፖርት መምረጤን፣ ሩጫው ለጉልበቴ እንዳልተስማማው አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ሳንቃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱት።

«ያምራል። ሲሠራው የደከመበት ሰው አለ» አሉ። «ለግፊትህ ከበጀህ ጥሩ ነው ልጄ።»

«እርስዎስ እትዬ?»

«እኔማ እስካሁን ሮጫለሁ። ቁጭ ብልስ ምን አለበት?»

በነጋታው ማለዳ ለምዶብኝ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነቃሁ። በመስኮት ብመለከት እትዬ በላይነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አድርገዋል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። የትም አይሄዱም። ሰማዩ እስኪነጋ እንደዚያው ተቀመጡ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ፈቱና ወደ ቤት ገቡ። አንጀቴን በሉኝ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም ቀን እንዲሁ አየኋቸው። ያኔውኑ ወጥቼ «ተነሱ እንሂድ» ማለት ነበረብኝ፤ አፍሬ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረና በረዶው ጣሪያውን ይደበድበው ጀመር። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሰፈራችን ዳር እስከ ዳር ነጭ ሆነ። ሰናይት ገበያ ሄዳለች፤ የሚከለክለኝ ሰው የለም። ከበራችን ጀምሮ እስከ ታች ጋራዡ ድረስ የሚወርደው የኮብልስቶን ቁልቁለት በረዶ ተነጥፎበት ሳየው ዕንባዬ መጣ። ሰው ሁሉ በረዶውን ለማየት በየበሩ ቆሟል፤ ተመልካች እንኳ ተዘጋጅቶልኛል ማለት ነው። ሁለቱንም እግሬን ሳንቃው ላይ ጠፍሬ አሰርኩ። በአጥሩ ተደግፌ ቆምኩ። አጥሩን ለቀቅኩት።

አታምኑኝም፣ ግን ወረድኩ! ቆሜ፣ እጆቼን ዘርግቼ፣ እንደዚያ ፈረንጅ። አንድ ቤት፣ ሁለት ቤት፣ ሦስት ቤት አለፍኩ። በሕይወቴ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም። ሰው «ዋው!» ሲል ሰማሁ። ባለሱቁ ከወንበሩ ተነሳ፤ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ስድስተኛው ቤት ጋ ስደርስ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ይህ ነገር ፍሬን የለውም። ይህን ሐሳብ አስቤ ሳልጨርስ ጋራዡ በር ላይ ከተከመረው የአሮጌ ጎማ ተራራ ውስጥ በጭንቅላቴ ገባሁ።

መካኒኮቹ ሥራቸውን ጥለው ደረሱልኝ። አንዱ በዘይት በራሰ እጁ ከወገቤ ጀምሮ እየተጫነ ወረደና «ሻንሲው ደህና ነው፤ እዚህ ታች መገጣጠሚያው ነው የሄደው» ብሎ ቁርጭምጭሚቴን ሲነካው ጩኸቴን ለቀቅኩት። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ሁሉ በጎ ነገር ነው፤ መዘዙ የመጣውም ከዚያ ነው። እንዳልንቀሳቀስ ብለው ሳንቃው ላይ አጋደሙኝ። በረዶው ቆሞ ዝናብ ጀምሮ ነበርና እንዳልበሰብስ ብለው ሸራ አለበሱኝ፤ ከራሴ እስከ እግሬ። ለአራት ተሸክመውኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ማለቴ ስለሞቃቸው ነው፣ ወደ ዋናው መንገድ ክሊኒክ ይዘውኝ ሄዱ። ለሰናይት ደውለው እሷም ከገበያው በቀጥታ እዚያው መጣች። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ዞሯል። በፋሻ ጠቅልለው ክራንች ሰጡኝ። ሰናይት ግንባሬን ሳመችኝና «ያ ሰውዬ» ማለቷን ተወች።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ በባጃጅ ሰፈር ስንደርስ በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል።

ሰፈሩ በሙሉ ስወድቅ አይቷል። ቀጥሎ አራት ሰዎች በሸራ የተሸፈነ ነገር በሳንቃ ተሸክመው በዝምታ ሲያልፉ አይቷል። ቤታችን ተቆልፏል፤ መካኒኮቹም አልተመለሱም። ታዲያ ማን ደፍሮ ይጠይቅ? «ባልሽ ሞተ ወይ?» ተብሎ ስልክ አይደወልም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ሁሉም አወቀ።

ከባጃጁ በአንድ እግሬ ስወርድ አንዲት ሴት ለልቅሶ የከፈተችውን አፏን መዝጋት አቃታት። የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተስፋዬ መዝገባቸውን እንደያዙ መጥተው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ቆይ እንጂ» አሉ። «ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም ጋሽ ተስፋዬ።»

«ማንም ካልሞተ ድንኳኑን ለማን ተከልነው?» ጥያቄያቸው የምር ነበር። ሠላሳ ዓመት ዕድሩን ሲመሩ ድንኳን ያለ ሬሳ ተተክሎባቸው አያውቅም።

አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ውኃው በበርሜል ተቀድቷል፣ ከድንኳኑ ጀርባ ሽንኩርት ይከተፋል። በዚያ ዝናብ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ! ሰላምታ በቅጡ የማንለዋወጥ ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ካስማ ቸክለዋል። ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ «አምስት ሺህ ይሻልሃል ብዬው ነበር እኮ» እያለ ዓይኑን ይጠርጋል። ለእኔ፣ ለዚህ ለማልረባ ሰው ይህን ሁሉ ያደርጋሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ክራንቹ ከለከለኝ።

«እትዬ በላይነሽስ?» አልኩ ዞር ዞር ብዬ።

ጋሽ ተስፋዬ ፊታቸው ተለወጠ። «ወይኔ» አሉ። «እህትህ ጋ ሄደዋል።»

ታላቅ እህቴ እታለም ካዛንቺስ ነው የምትኖረው፤ ልቧ ደካማ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች በአካል ሄደው፣ ተቀምጠው፣ አዘጋጅተው ነው የሚነግሩት። ሽማግሌዎቹ ተመርጠው ነበር፤ ግን መንገዱን ጎርፍ ሞልቶት ታክሲ ቆሟል። እስኪደርሱ አንድ አፉ የማያርፍ ሰው ደውሎ ቢነግራትስ? ቀድሞ ደርሶ ስልኳን ከእጇ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። እትዬ በላይነሽ ይህን ሲሰሙ ተነሱ፤ «እኔ እሮጣለሁ» አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ደጃፍ ላይ ያሰሩትንና የፈቱትን ጫማ አሁንም አድርገውት ነበር።

ለእታለም ደወልኩ።

«ሄሎ እታለም፣ ደህና ነኝ!»

«ለምንድን ነው ደህና ነኝ የምትለኝ? ማን ጠየቀህ? ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም። እትዬ በላይነሽ አንቺ ጋ መጥተዋል?»

«አሁን ገቡ። በስብሰዋል፤ ናፈቅሽኝ ይላሉ። ውኃ ሰጠኋቸው። ስልኬን ከእጄ ሊወስዱ ይታገሉኛል፤ ኧረ ምን ነካቸው?»

«እባክሽ ስጫቸው።»

ስልኩ ተቀየረ። ሲተነፍሱ ይሰማኛል፤ አፋቸውን ዘግተው በአፍንጫቸው ነው።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ።»

እህቴ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ከየት ነው የምትደውለው?» አሉኝ።

«ከቤቴ ነው እትዬ! አልሞትኩም! እግሬ ነው የዞረው!»

ከዚያ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። በልጅነቴ እናቴ ከሞተች ወዲህ ለእኔ እንዲህ ያለቀሰ ሰው አላስታውስም፤ እኔም ድንኳኑ መሃል ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አለቀስኩ።

ታክሲ ሲለቀቅ ከእታለም ጋር አብረው መጡ። ጌታሁንም ሊያስተዛዝን መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ነበር። እናቱ ልብሳቸው ረጥቦ ሲገቡ ሲያይ ፊቱ እንደ ሰማዩ ጠቆረ።

«እማዬ! በዚህ ጎርፍ ብቻሽን እስከ ካዛንቺስ?»

«ሰው ሞቶ ቁጭ ልበል?»

«አልሞተም እኮ!»

«ስሮጥ ያንን አላውቅም ነበር» አሉት በእርጋታ፤ ነጠላቸውን እየጨመቁ።

«ከእንግዲህ በቃ። ጫማውን እወስደዋለሁ።»

እትዬ በላይነሽ አልተከራከሩም። ጎንበስ ብለው ማሰሪያቸውን መፍታት ጀመሩ። ያቺን ማጎንበስ አራት ማለዳ በመስኮት አይቻታለሁ፤ አምስተኛዋን ማየት አልቻልኩም።

«ጌታሁን፣ ከሰኞ ጀምሮ እኔ አብሬያቸው እወጣለሁ» አልኩ።

«በዚህ እግር?»

«ውሻ እግሬን አይደለም የሚፈራው፤ ክራንቹን ነው።»

ጋሽ ተስፋዬ መዝገባቸውን ከፍ አደረጉ። «ዕድሩ ምስክር ነው» አሉ። ድንኳኑ በከንቱ አለመተከሉ ደስ ያሰኛቸው ይመስለኛል። ባለሱቁም «እኔም አለሁ» አለ፤ ለምን እንዳለ ግን እሱም አላወቀውም።

ጌታሁን ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «አስር ደረጃ። እማዬ ከአስር አንድ አታልፍም። ትቆጥራለህ፤ በየቀኑ ትደውልልኛለህ።»

«አስር» አሉ እትዬ በላይነሽ ቀስ ብለው፤ ማሰሪያቸውን መልሰው አሰሩ።

ሳንቃውን ለመካኒኮቹ ሰጠኋቸው። ጀርባቸውን አጋድመውበት መኪና ሥር ገብተው ይወጡበታል፤ እንደ እሱ የሚመች ነገር የለም ይላሉ። እኔ መጀመሪያ ላይ በሚኒባስ፣ እግሬ ሲጠናልኝ ደግሞ በእግሬ፣ በየማለዳው ከቡልጋሪያ መስቀል አደባባይ እየሄድኩ እመለሳለሁ። ሐኪሟ በቀደም ግፊቴን ለክታ ደግማ ለካችኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ፈገግ ብላ ነው። ምን ስፖርት መረጥክ ስትለኝ ምን እንደምላት ጨነቀኝ። ቁጭ ብዬ የአንዲት ሴት ነጠላና ስልክ እይዛለሁ ይባላል?

ግን ሌላ ቦታ ብሆን አልመርጥም። ታችኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ እትዬ በላይነሽን አያለሁ። ጨለማው እየሳሳ ሲሄድ ከዚያ ሁሉ ወጣት መሃል ለይቼ አውቃቸዋለሁ፤ ከወገብ በላይ የማይነቃነቁት እሳቸው ናቸው። አንዳንድ ቀን ሳላውቀው ከመቀመጫዬ እነሳለሁ።

ትናንት ማለዳ ደረጃውን ጨርሰው ከጫፉ ላይ ቆሙ። ፊታቸው ወዝቷል። ገና አልደከሙም፤ ከሩቅ ያስታውቃሉ። ከላይ ያልሮጡባቸውን ደረጃዎች ቀና ብለው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት ሆነ?»

አስር ነበር። አርባ ዓመት ሲተይቡ አንድ መስመር ስተው የማያውቁ ሴት፣ አስር መሆኑን ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ።

«ስምንት» አልኳቸው።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ላይኛው ደረጃ ወጡና ሮጡ።